ድጋፍ የተጠየቀበት ሽምብራ

በዓለም ላይ ያሉ መንግሥታት በብዙ ነገር አይስማሙም። በአንድ ነገር ግን ልዩነት የላቸውም፤ ሁሉም ገበሬን ይወዳሉ። ገበሬን አልወድም ያለ መንግሥት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ልዩነቱ ፍቅሩ የሚደርስበት ሰዓት ላይ ነው። ወረኢሉ ያለውን አባቴን የሚወደው መንግሥት ማዳበሪያውን የሚልክለት መሬቱ ታርሶ፣ ዘሩ ተዘርቶ፣ አረሙ ጉልበት ከደረሰ በኋላ ነበር። አባቴም ተቀብሎ፣ አመስግኖ፣ ለከርሞ ብሎ ጎተራው ሥር ያስቀምጠዋል። ከርሞ ሲመጣ የዘንድሮው እስኪደርስ የአምናውን ይበትናል። እንዲህ እያሉ አባቴና መንግሥት በአንድ ዓመት ልዩነት ተግባብተው ኖረዋል።

እኔ ግን እንዲህ ያለውን ትዕግሥት አልታደልኩም። እርሻ በቃኝ ብዬ፣ ሞፈርና ቀንበሩን ለታናሽ ወንድሜ ትቼ፣ ባሕር ተሻግሬ ሪያድ ገባሁ። ሪያድ ገብቼ ምን ሆንኩ መሰላችሁ? ገበሬ። ያውም ዝናብ በእንግድነት በሚመጣበት አገር። ሰው ከዕጣው ይሸሻል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ካለ እኔን ያነጋግር።

የምሠራው ከሺፋ ሰፈር ወደ ደቡብ ወጣ ብሎ፣ ቤቱ እየሳሳ አሸዋው እየበዛ በሚሄድበት ቦታ ባለች አነስተኛ እርሻ ነው። ባለቤቱ ከፊሌ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዴ በስማቸው የሆነ አሠሪዬ፣ አቡ ቱርኪ ይባላሉ። ከቢሮ ሥራ በጡረታ የወጡ፣ ከአባታቸው የወረሷትን እርሻ ከልጆቻቸው አስበልጠው የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው። ልጆቻቸው ደግሞ መሬቷን የሚወዷት ተሽጣ መጋዘን ሲሠራባት ነው። እርሻዋ ያላት ጥቂት ተምር፣ ጥቂት ፍየል፣ አንድ ጉድጓድና እኔ ብቻ ነን። ፓምፑ እንደ አሮጌ ሰው እያሳለ ውኃ ያወጣል። አንድ ቀን አቡ ቱርኪ ቁጭ አድርገው እቅጩን ነገሩኝ፦ መንግሥት ለገበሬ ከሚሰጠው ድጋፍ ካላገኘን ኸላስ፣ ልጆቼን ከዚህ በላይ መከራከር አልችልም፤ እርሻው ይሸጣል፤ አንተም ኢቃማህ አይታደስም፣ ኹሩጅ መትቼልህ አገርህ ትገባለህ አሉኝ። ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ ኹሩጅ ደግሞ የመጨረሻው መውጫ ነው፤ ከተመታ መመለስ የለም። ደነገጥኩ። ከአባቴ ማዳበሪያ ጋር እንደገና መተዋወቄ ታየኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና አቡ ቱርኪ ድጋፍ ፍለጋ ገባን። እሳቸው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ከስልካቸው ያነብባሉ፤ እኔ ፍየሎቹን እያጠጣሁ እሰማለሁ። ለንብ አናቢ ድጋፍ አለ ይላሉ። ንብ የለንም እላለሁ። ለዓሣ አርቢ ብድር አለ፣ ዓሣ ብናረባስ ይላሉ። ጉድጓዱ ለፍየሎቹም አልበቃ እያለ ዓሣውን የት እናኑረው? ብዬ በልቤ እጠይቃለሁ፤ በአፌ ግን ኢንሻአላህ እላለሁ። ኢንሻአላህ በዚህ አገር ለማይሆን ነገር ሁሉ የሚበቃ ጨዋ መልስ ነው። የጠብታ መስኖ ቱቦና አዲስ ፓምፕ የሚሰጥም አለ፤ ግን ውኃ የማይፈጅ አዲስ ሰብል አምጡ ይላል። እዚህ ላይ ሁለታችንም አሸዋውን ማየት ያዝን።

ሰብሉ ግን ከኋላችን በቅሎ ነበር። የኋላው ግንብ ከፈረሰ ቆይቷል፤ እዚያ ጋ ፉጣ ሰፈር ካለ ሱቅ ለወጥ የገዛሁትን ሽምብራ፣ እስቲ ይሁንልህ ብዬ፣ በብርዱ ወቅት መግቢያ በትኜው ነበር። ለምን በተንክ ትሉኝ ይሆናል። የገበሬ ልጅ እጁ ባዶ መሬት ሲያይ አያርፍም። ብርዱ ተስማማው መሰለኝ፣ ያለ ብዙ ውኃ ለመለመ። አቡ ቱርኪ አይተው ምንድን ነው አሉ። ሽምብራ ነው፣ ሑሙስ የምትሉት አልኳቸው። ዕድሜ ልካቸውን በሳህን ሲያውቁት የኖሩትን ነገር በእግሩ ቆሞ ሲያገኙት ጊዜ፣ ከልጅነት ጓደኛቸው ጋር የተገናኙ ያህል ደስ አላቸው። በዚያው ቀን ማመልከቻው ገባ። መልሱም ፈጥኖ መጣ፦ እሑድ ሙፈቲሽ፣ ማለትም ተቆጣጣሪ፣ መጥቶ ሰብሉን በዓይኑ ያያል። አቡ ቱርኪም እስከ እሑድ ያቺን ሽምብራ እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቃት አሉኝ። ጠብቄያታለሁም፤ ከፍየል፣ ከወፍ፣ ከነፋስ። ከሐበሻ ጠብቃት ያለኝ ግን የለም።

ጥፋቱ የጀመረው ሽምብራው እሸት በደረሰበት ሳምንት ነው። እሸት ደርሶ ዝም የሚል ሰው ከእኛ ወገን ይኖራል? እኔ በሰናኢያ፣ በፋብሪካዎቹ ሰፈር፣ ለሚሠራው ለአገሬ ልጅ ለኑሩ ብቻ ደወልኩ። ዓርብ ብቅ በል፣ አንድ ሁለት ፍሬ ትቀምሳለህ፣ ለማንም አትንገር አልኩት። ኑሩ ለማንም አልነገረም፤ ለዘሀራ ብቻ ነገራት። ዘሀራ ሺፋ ውስጥ በሰው ቤት ምግብ የምታበስል፣ ብትቆጣም ብትስቅም ሰፈር የሚሰማት የወሎ ሴት ናት። ለዘሀራ መንገር ማለት ደግሞ ለሪያድ መንገር ነው።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አንድ ሚኒባስ አቧራውን እያስነሳ መጣና በሩ ተከፈተ። ሰው ወረደ፣ ወረደ፣ አልቆም አለ። ዘሀራ ከፊት ሆና ወንድሜ እንድሪስ፣ አብሽር፣ የመጣነው ልንቀምስ ብቻ ነው አለችኝ። እኔም በወንድነት ድምፅ እሑድ ሙፈቲሽ ይመጣል፣ ለአንድ ሰው አንድ ጭብጥ፣ ከዚያ በላይ አንዲት ቅጠል እንዳትነካ ብዬ አዋጅ አወጣሁ። ሁሉም እሺ አለ። ሐበሻ እሺ ሲል መፍራት እንዳለብኝ ማወቅ ነበረብኝ።

መጀመሪያ በእርግጥም አንድ አንድ ጭብጥ ነቀሉ። ሽምብራ ደግሞ እንደ በቆሎ አይደለም፤ እሸቱ የሚበላው ከነሥሩ ተነቅሎ ነው። ፈልፍለው ሲቀምሱት፣ ያ የቅጠሉ ጨው ከንፈራቸውን ሲነካው፣ አንዱ ፋብሪካ የሚውል ጎረምሳ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ያኔ ዘሀራ ጠጋ ብላ ሺፋ ውስጥ አንዲት ነፍሰ ጡር አለች፣ አምሮት ይዟታል፣ ለእሷ አንድ እቅፍ ብወስድስ አለችኝ። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ የነፍሰ ጡር አምሮት ከልክሎ ልጁ ምን ሆኖ እንደሚወለድ ማን ኃላፊነት ይወስዳል? ውሰጂ አልኳት። ይህን የሰማች ሌላዋ እኔም ጎረቤቴ ነፍሰ ጡር ናት አለች። ሦስተኛዋ እህቷን ጠቀሰች። ኑሩ እንኳ ሳያፍር የፎርማኑን ሚስት አነሣ። በዚያ ዓርብ ሪያድ ከተማ ውስጥ ያልጸነሰች ሴት የነበረች አይመስለኝም። ቀና ብዬ ሳይ የሽምብራው ቦታ የተላጨ ጭንቅላት መስሏል።

እሺ፣ እስከ እሑድ አንድ ዘዴ እፈጥራለሁ ብዬ ራሴን ሳጽናና ስልኬ ጮኸ። አቡ ቱርኪ ናቸው፤ ድምፃቸው በደስታ ይንቀጠቀጣል። ሙፈቲሹ በሚስቱ ወላጆች ቤት ምሳ ተጋብዞ በእኛ በኩል ሲያልፍ ለምን እግረ መንገዴን አላይም አለ፣ አብረን ነን፣ መታጠፊያው ላይ ደርሰናል፣ ያላ፣ በሩን ክፈት አሉኝ። በዕረፍት ቀኑ ሥራ የሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ አለ ብሎ ማን ይጠረጥራል? በሕይወቴ ፈጣን የመንግሥት አገልግሎት ያገኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያውም ሳልፈልገው። ኹሩጁ ሲመታ፣ አባቴም ጎተራው ሥር ካለው ማዳበሪያ አጠገብ ቆሞ እንኳን ደህና መጣህ ሲለኝ ታየኝ።

በዚህ ጊዜ ነው ኑሩ ታሪካዊ ሐሳቡን ያቀረበው። ወንድሜ፣ የተነቀለ ነገር ይተከላል አለ። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን ከአዋቂ የመጣ ምክር መሰለኝ። ያ ሁሉ ሰው አጎንብሶ የነቀለውን ሽምብራ መልሶ መሬት ላይ ይሰካ ጀመር። ከሰናኢያ የመጡት ልጆች ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ መደርደር ስለለመዱ መስመሩን ቀጥ አደረጉት። እንዲያውም እኔ ከዘራሁት እጅግ ያምር ነበር። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ፍሬው ተበልቷል።

ሙፈቲሹ ወጣት ነው፤ ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ ታብሌቱን ይዞ፣ ፈገግ ብሎ ገባ። አቡ ቱርኪ ከኋላው እንደ ሙሽራ አባት ደረታቸውን ነፍተው ይከተሉታል። ሐበሻው ሁሉ በፈረሰው ግንብ ሥር ተደርድሮ፣ ከመሬት የበቀለ ይመስል ቆሟል። ሙፈቲሹ መስመሮቹን አይቶ ማሻአላህ፣ እንዲህ ያለ ሥርዓት አይቼ አላውቅም አለ። አቡ ቱርኪ ይህ ሠራተኛዬ ገበሬ ነው፣ የገበሬም ልጅ ነው አሉ። ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ሙፈቲሹ ጎንበስ ብሎ ሥሩን ልየው እስኪል ድረስ ብቻ ነበር። አንዷን ያዘና ሳብ አደረጋት፤ አልታገለችውም። ሁለተኛዋንም ሳባት፤ እሷም ስትጠብቀው የነበረ ይመስል መጣች። አገላብጦ አያት። ከዚያም ከግንቡ ሥር የቆሙትን ሰዎች አየ፤ ከዚያም መሬት ላይ የተበተነውን ልጣጭ።

መዋሸት አልቻልኩም። እውነቱን ለመናገር፣ ብችል ኖሮ እዋሽ ነበር፤ ግን የዘሀራ ዓባያ በታቀፈችው ሽምብራ ተወጥሮ ነበር። በተሰባበረ ዓረብኛዬ ነገርኩት። በእኛ አገር እሸት የደረሰለት ገበሬ ሰው አይመልስም፤ እሸቱን ከልክሎ ብቻውን የሚበላ ሰው ሰው አይባልም፤ እንግዲህ ጥፋተኛው እኔ ነኝ፣ አቡ ቱርኪ አያውቁም አልኩ። አቡ ቱርኪ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። እንደ መቆጣትም፣ እንደ ማልቀስም አሰኛቸው። የሽማግሌው ፊት ከኹሩጁ በላይ አሳዘነኝ።

ቀድማ የተንቀሳቀሰችው ዘሀራ ናት። አንድ እቅፍ አውጥታ ሙፈቲሹ ፊት ዘረጋችና ቅመስ ወንድሜ፣ በአላህ ይዤሃለሁ አለችው። እሱም ካመልካች እጅ ውኃ እንኳ መጠጣት ክልክል ነው አለ። እሷ እኔ አላመለከትኩም አለችው። ይህን ነገር ትንሽ አሰበበትና ለምርመራ ያህል ብሎ አንዷን ፈለፈለ። ምርመራው በአንዷ አልተጠናቀቀም። አቡ ቱርኪም እጃቸውን ሰደዱ፤ የራሳቸውን ሰብል የቀመሱት ያን ጊዜ ነው። ዘሀራ ለሚስትህም ውሰድላት፣ ነፍሰ ጡር ሴት ትወደዋለች አለችው። እሱ አፍሮ ገና ካገባን ወራችን ነው፣ ነፍሰ ጡር አይደለችም፣ ይዞ መሄድም አይፈቀድልኝም አለ። ኢንሻአላህ ትጸንሳለች፣ ያኔ ትመጣለህ አለችው።

ሙፈቲሹ ታብሌቱ ላይ ጻፍ ጻፍ አደረገና ለአቡ ቱርኪ እንዲህ አላቸው፦ እኔ የማያቸው ብዙዎቹ እርሻዎች ሰብላቸው ቆሞ የሚገዛ ጠፍቶ ለፍየል የሚሰጥ ነው፤ አጨዳ ሳይደርስ ገበያው በሚኒባስ ተጭኖ የመጣለት ገበሬ ግን ዛሬ ገና አየሁ፤ በቅሏል፣ ፈላጊም አለው፣ የጎደለው አጥር ብቻ ነው። ከዚያ ሰላም ብሎ ወጣ። አቡ ቱርኪ እሱን ሸኝተው ወደ እኔ መጡ። ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ያቺ ሴት ከታቀፈችው ትንሽ ታካፍለኝ፣ ለቤት ልውሰድ።

ድጋፉ ተፈቀደ፤ ኢቃማዬም ታደሰ። ለአባቴ ስነግረው የዚያ አገር መንግሥት እርዳታውን በወቅቱ ነው የሚሰጠው? ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ ብዬ ብነግረውም አላመነኝም። ፓምፑና ቱቦው ቆየት ብለው መጡ። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ግን በወደቀው ግንብ ፈንታ የቆመ የሽቦ አጥር ነው፤ በርና ቁልፍ አለው። አቡ ቱርኪ እየሳቁ የሙፈቲሹን ማስታወሻ አነበቡልኝ። ሰብሉን የሚያሰጉ ተባዮች በሚለው ቦታ ላይ “ሐበሾች፣ በተለይ ዓርብ ዓርብ” ብሎ ሞልቷል። ከዚያ ቁልፉን በሙሉ እምነት ለእኔ ሰጡኝ። እንግዲህ መንግሥት ተባይ እንዳይገባ አጥር አጠረ፤ ቁልፉ ግን ተባዩ ኪስ ውስጥ ገባ።

ዘንድሮም ሽምብራው ለመለመ። የአጨዳውን መሬት ለብቻ ከለልኩ፤ በሩ ጋ ያለውን መደብ ደግሞ ለነፍሰ ጡሮች ብዬ ዘራሁት። ባለፈው ዓርብ ዘሀራና ሰዎቿ ሚኒባሳቸውን አቁመው ከሽቦው ውጭ ተሰልፈው ቁልፉን ይዤ ስመጣ ይጠብቁኝ ነበር። ከሰልፉ መጨረሻ አንድ ነጭ የለበሰ ሰው ቆሟል። ታብሌት አልያዘም። ቀረብ ስለው ዓይኑን ሰበር አድርጎ፣ አጥሩ ጠንክሮ ቆሟል ወይ ብሎ ጠየቀኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሚስቴ ጸንሳለች አለኝ። በሩን ከፈትኩለት። በተባዮቹ ዝርዝር ላይ ራሱን ጨምሮ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።