ንጉሥ ዘርዓ ደመናን ማን ገደላቸው?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰው የሚንቀጠቀጠው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ብርድ ነው። በብርድ የሚንቀጠቀጥ ሰው እጁን ብብቱ ሥር ወሽቆ፣ «ኧረ የዛሬውስ ጉድ ነው!» እያለ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ያማርራል። በሁለተኛው ምክንያት የሚንቀጠቀጠው ደግሞ ሲጠይቁት «ብርዱ ነው» ይላል። እኔ ከሁለተኞቹ ወገን ነኝ። በልጅነቴ «ፈሪ ለእናቱ» ሲባል ስድብ ይመስለኝ ነበር፤ አምሳን ስሻገር ምክር መሆኑ ገባኝ።

ፈሪ ሰው የሚያወራበትን ቦታም፣ የሚያወራውን ነገርም ይመርጣል። ሚኒባስ ውስጥ ስለ ኳስ ይወራል፤ ስለ ጥርስ ሕመም ይወራል፤ ስለ ሟች ደግነትም ይወራል፣ አሟሟቱ ካልተነሣ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ «ዝም አይነቅዝም» ተብሎ ይታለፋል። ይህን ሕግ ስንት ዓመት ሙሉ አክብሬ ኖሬ ኖሬ፣ ያፈረስኩት በልብ ወለድ ምክንያት ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

«የጉም ዘውድ» የሚባለውን ባለ ስድስት ቅጽ ልብ ወለድ ያላነበባችሁ ካላችሁ እቀናባችኋለሁ። እንቅልፍ አላችሁ ማለት ነው። ደራሲው ጋሽ ደምሰው ጎረቤላ የሚኖሩ ጡረተኛ ርእሰ መምህር ናቸው። ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች፣ ሰባት በር ያላት፣ ከሥሯ ጉም የማይለያት አገር ፈጥረው ንጉሥ ዘርዓ ደመናን አነገሡባት። ስድስተኛው ቅጽ ሊያልቅ አንድ ገጽ ሲቀረው ንጉሡ ጀርባቸው ላይ ጩቤ ተሰክቶ ሞተው ተገኙ። አለቀ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰባተኛውን ቅጽ ስንጠብቅ፣ ጋሽ ደምሰው «እየጻፍኩ ነው» ከማለት በቀር ትንፍሽ አላሉም።

የተራበ አንባቢ ምን ያደርጋል? ይጨቃጨቃል። ቴሌግራም ላይ ቡድን አቋቁመን የማንፈትሸው ነገር አልነበረም። ንግሥቲቱ ከሁለተኛው ቅጽ እስከ ስድስተኛው ድረስ ነፍሰ ጡር ናት፤ አንዲት የባንክ ሠራተኛ ክረምቱንና በጋውን ደምራ ሦስት ዓመት ከአራት ወር መሆኑን አረጋገጠች። «ዝሆን ነው እንዴ የጸነሰችው?» ያለው ሰው ከቡድኑ ለአንድ ሳምንት ታገደ። የንጉሡ ወንድም ራስ ደመላሽ በአንደኛው ቅጽ፣ በአባቱ ቀብር ላይ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ በሦስተኛው ቅጽ እዚያው ቀብር ላይ ቆሞ ፂሙን ይዳብሳል። እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ስለሆንኩ የአገሪቱን ካርታ ሠራሁ። ሰባቱን በሮች፣ ጦሩ ያደረበትን ሜዳ፣ የወንድምየው ፈረሰኞች የሚወርዱበትን ቁልቁለት በቀይ ቀስት አመለከትኩ። ሥራዬን አይቼ እጄ ይባረክ አልኩ።

በዚህ ሁሉ ዋናው ባላጋራዬ ሰኢድ ነው። ሰኢድ የአሊዩ አምባ ሰው ነው፤ ጨርቅ ይነግዳል፤ ስድስቱንም ቅጽ ገጽ እየጠቀሰ በቃሉ ይወጣቸዋል። ገዳዩ ወንድምየው ነው ይላል። እኔ የሰሜኑ በር በረኛ ነው እላለሁ። አያቱ ሙግት አዋቂ ስለነበሩ የድሮውን በላ ልበልሃ አስለምዶናል። አንዱ ከሳሽ፣ አንዱ ተከሳሽ ሆኖ ይቆማል፤ ተከሳሽ የሆነው «እሱ» አይልም፣ «እኔ» ብሎ ነገሩን በገዛ ራሱ ላይ አድርጎ ይመልሳል። እንዲህ ሲሆን የታሪኩ ቀዳዳ ቶሎ ይገኛል። ቤት ውስጥ ሲሆን ግሩም ዘዴ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ ደምሰውን ልንጠይቅ፣ ማለቴ ልንነዘንዝ፣ ከሰኢድ ጋር የጎረቤላ ሚኒባስ ተሳፈርን። ከተማውን ሳንለቅ ሙግት ጀመርን። እኔ ከሳሽ፣ ሰኢድ ራስ ደመላሽ። መንገድ ላይ ነጠላቸውን የተከናነቡ አንዲት እናት ተሳፍረው ከኋላችን ተቀመጡ። የሙግቱን መጀመሪያ እሳቸው አልሰሙም። የሰሙት ይሄን ነው።

«ንጉሡ በሞቱ ለት የት ነበርክ?»

«ቆላ ነበርኩ። እኔ አልገደልኩም፤ ጩቤውን ብቻ ነው ያቀበልኩት!»

«የሰሜኑን በር ታዲያ ማን ከፈተው?»

«በረኛውን አስክሬው ነዋ! ፈረሰኞቹ እስኪገቡ አንድ ሰዓት ይበቃል።»

ሚኒባሱ ጸጥ ማለቱን ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው። ሾፌሩ ሬዲዮኑን ዘግቷል። ከፊታችን የተቀመጠው ሰውዬ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀብሯል። ዞር ብዬ እናትየዋን አየሁ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ አይወጣም። ጸሎት ነው። ያን ጊዜ የተናገርነው ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ወደ ጆሮዬ ተመልሶ መጣ፤ ከአፍ ከወጣ ደግሞ አፋፍ ነው። «ሰኢድ፣ ልብ ወለድ መሆኑን ጮክ ብለህ ተናገር» አልኩት በሹክሹክታ። እሱም ታዝዞ «ይሄ እኮ ልብ ወለድ ነው!» ብሎ ጮኸ። ማንም አላመነውም። እናንተስ ብትሆኑ ታምኑት ነበር?

ኬላው ላይ እንደ ልማዱ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። እናትየዋ ለፈታሹ ጠጋ ብለው አንድ ቃል ሹክ አሉት። አልፈረድኩባቸውም፤ እሳቸውም ፈርተው ነው። እኔ ብሆን ኖሮ መናገሩንም ፈርቼ ዝም እል ነበር። ከቦርሳዬ ካርታው ወጣ፤ ቀያይ ቀስቶቹ፣ ሰባቱ በሮች፣ «ጦሩ እዚህ ያድራል» የሚለው ያማረ የእጅ ጽሑፌ። ሚኒባሱ ሁለታችንን ትቶ ሄደ።

ከቆርቆሮ በተሠራች ክፍል ውስጥ አንድ ረጋ ያለ ሰው ፊት አስቀመጡን። ቢጮህብን በወደድኩ፤ የሚጮህ ሰው የሚያስበው ያልቅበታል። ይሄኛው ግን ካርታዬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ጫፎቹን በመዳፉ አስተካክሎ፣ ብዕሩን ከፈተ። ነገሩ ሁለት ዓመት የተከራከርንበት ልብ ወለድ መሆኑን ነገርነው።

«መምህር፣ ንጉሡን ማን ነው የገደለው?»

«አላውቅም።»

«ሁለት ዓመት የተከራከራችሁበትን አታውቁትም?»

«ደራሲው ገና አልጻፉትም።»

ይህንኑ ጻፈው። ሲጻፍ ሳየው ለእኔም ውሸት መሰለኝ። በሕይወቴ የዚያን ቀን ያህል እውነት ተናግሬ አላውቅም፤ የዚያን ቀን ያህልም አፍሬበት አላውቅም። ፈራሁ፣ ወዳጆቼ፤ አሁን ሳወራው ቀልድ ይመስላል እንጂ ምራቄ ደርቆ ነበር። ልጆቼ ትዝ አሉኝ። ዛሬ ቤቴ እገባ ይሆን ወይስ አልገባም ከሚለው በቀር በጭንቅላቴ ውስጥ ሌላ ሐሳብ አልነበረም።

«ዋስ ጥሩ» አለ በመጨረሻ። «አለ የምትሉት ደራሲ ራሱ ይንገረኝ። ነገሩ ተረት ከሆነ ገዳዩን ያውቀዋል። ካወቀው ትሄዳላችሁ። ካላወቀው ግን ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።»

ቁጥራቸውን ከእኔ ተቀብሎ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ደወለ። ጋሽ ደምሰው አነሡ። ሰውየው ከየት እንደሚደውል ነገራቸው፤ የእኛን ስም ጠራ፤ ቀጥሎ ያንኑ ጥያቄ ጠየቃቸው። እኔና ሰኢድ ተያየን። ሁለት ዓመት የጠበቅነው መልስ ሊነገር ነው! አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ በዚያ ሁሉ ፍርሃት መካከል ጆሮዬ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ኧረ ማንም አልገደላቸውም ጌታዬ!» አሉ ጋሽ ደምሰው፤ ድምፃቸው ይርገበገባል። «በጩቤው እጀታ ጀርባቸውን ሲያኩ አዳልጧቸው ነው።»

«በገዛ እጃቸው?»

«በስሕተት፣ ጌታዬ! በስሕተት! ከማንም ጋር ጠብ አልነበራቸውም።»

ሰኢድ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ውሸት ነው! ወላሂ ውሸት ነው! አምስተኛው ቅጽ ላይ ሁለት እጃቸው ሽባ ሆኗል ተብሏል እኮ!»

ብዕሩ ቆመ። ሰውየው ቀና ብሎ ሰኢድን አየው። «ምን አልክ?»

የሰኢድን እግር በሙሉ ክብደቴ ረገጥኩት። ሰኢድ በገበያ ቢጎዳ እንኳ የተናገረውን አልተናገርኩም የማይል ሰው ነው፤ ገጽ ከሚክድ ሱቁን ቢዘጋ ይመርጣል። አሁን ግን በአንድ በኩል ቤታችን፣ በሌላ በኩል የንጉሡ ሽባ እጆች ተቀምጠዋል።

«ተሳስቼ ነው» አለ። «አዳልጧቸው ነው። አላህ ይማራቸው።»

ጋሽ ደምሰው ነፍሳቸው እስክትወጣ እየተጣደፉ መጡ። መታወቂያቸውን አሳይተው ዋስ ሆኑን፤ የተናገሩትም ቃል ተጽፎ ቀረበላቸውና ፈረሙበት። ንጉሡ ያረፉት በድንገተኛ አደጋ ነው፤ በነገሩ የተጠረጠረ ሰው የለም። ካርታዬ አልተመለሰልኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የዚያን ቀን ቤቴ ገባሁ፣ ልጆቼን አየሁ፣ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮዬ ስቤ ተኛሁ። ሚስቴ ምን ሆንክ ስትለኝ «ብርዱ ነው» አልኳት።

ሰባተኛው ቅጽ ከጥቂት ወራት በኋላ ወጣ። ምዕራፍ አንድ ላይ ንጉሡ ጀርባቸውን ሲያኩ አዳለጣቸው፤ የተፈረመበት ቃል ነው፣ አንድ ፊደል አልጎደለም። ከዚያ ወንድምየው ምርር ብሎ አለቀሰ፤ በረኛው ሰባቱንም በር ቆላለፈ፤ ንግሥቲቱም በመጨረሻ በሰላም ተገላገለች። የቴሌግራም ቡድናችን ሊፈርስ ደረሰ። «ሽባው እጅስ የት ገባ?» ተባለ። አንድ ጎበዝ ጩቤው ድግምት እንዳለበት ብዙ ገጽ ጽፎ አስረዳ፤ ሌላው ደግሞ ደራሲው አርጅተዋል አለ። «መምህር፣ ሰኢድ፣ ምነው ዝም አላችሁ?» እያሉ ሲያስጨንቁን ሰኢድ «ግሩም መጽሐፍ ነው» ብሎ ጻፈ። እንደዚያ ብሎ ከጻፈ ወዲህ ስለ መጽሐፍ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም፤ ስንገናኝም የልጆቹን ደህንነት ነግሮኝ ይሄዳል።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤላ ወጥቼ ጋሽ ደምሰውን ጠየቅኋቸው። ከስተዋል። ስለ መጽሐፉ እኔም አላነሣሁም፣ እሳቸውም አላነሡም። ልሰናበት ስል ግን ተነሥተው በሩን ዘጉ፤ መስኮቱን ዘጉ፤ ተመልሰው ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

«እውነተኛውን ገዳይ ልንገርህ?» አሉኝ፤ ከንፈራቸው ጆሮዬን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው።

ሁለት ዓመት ሙሉ የለመንኩት ነገር ነው። ለዚህ ነገር ስንት እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ከስንት ወዳጅ ተኳርፌያለሁ። አፌን የከፈትኩት እሺ ልል ነበር፤ ግን ብዕሩ ተከፍቶ «መምህር» የሚለው ያ ረጋ ያለ ድምፅ መጣብኝ። ካላወቅሁ፣ ሲጠይቁኝ እውነቴን «አላውቅም» እላለሁ።

«በሞቴ አይንገሩኝ ጋሼ» አልኩ።

የሚቀየሙኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ረዥም ትንፋሽ ተንፍሰው፣ «ተባረክ» አሉኝና መስኮቱን መልሰው ከፈቱት። ከዚያ ዘንድሮ ገብሱ ደህና መያዙን እያነሣን ቁጭ ብለን ተጫወትን።