ፊቱን ወደ መናገሻ ከተማ ያዞረው ቤተ መንግሥት

ሐምሌ 5 ቀን 1960 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ ዕድሜዬ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ነበር። በዚያ ዕለት በአሰብ ከተማ የተመረቀውን ቤተ መንግሥት ታሪክና የአሠራር ጥበብ፣ የግንባታው ዕቃ ቤት ኃላፊ ስለ ነበርሁ፣ በሚገባው አክብሮት ለመጻፍ ተነሥቻለሁ።

የሕንፃው ጥበብ የሚጀምረው ከአቅጣጫው ነው። መሐንዲሱ ፍቃዱ ፊቱ ወደ ባሕር እንዲሆን ነድፎ ለኮሚቴው ሰብሳቢ ለባላምባራስ ወልደየሱስ አቀረበ።

«ነፋሱ የሚመጣው ከባሕሩ ነው» አላቸው።

«አዲስ አበባስ በየት በኩል ናት?»

«ከጀርባ።»

«ቤተ መንግሥቱ ለመናገሻ ከተማ ጀርባውን ይስጥ ነው የምትለኝ? ይህን ስትናገር የሰማህ አለ?»

«እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«እኔማ አልሰማሁም። አዙረው!»

ተዞረ። ታላቁ አዳራሽ ከምድረ በዳው ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጠ፤ የባሕሩን ነፋስ የመቀበል ክብር ለመጸዳጃ ቤቶቹ ደረሰ። የኮሚቴው አባላት ለቁጥጥር በመጡ ቁጥር እዚያ ገብተው እጅግ ይቆዩ ነበር። ትጋታቸው ይመሰገናል።

ሕንፃው በመዞሩ ግን አንድ እንቅፋት ተገኘ። ከአዲሱ ዋና በር ወደ ጎን ወጣ ብላ፣ በረንዳዋን ለባሕሩ የከፈተች የእንጨት ቤት ቆማለች። ባለቤቷ ሳፊያ ከወሎ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ በረንዳው ላይ ሽንኩርትና ቴምር እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። ኮሚቴው ቤቲቱ የቤተ መንግሥቱን ግርማ ስለምትቀንስ ትፍረስ ብሎ ወሰነ፤ ውሳኔውን የሚያጸድቁት ግን ለምረቃው ከአዲስ አበባ የሚመጡት ታላቅ ሹም ስለ ሆኑ እስከዚያ ተጠበቀ።

ክቡርነታቸው ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ አዳራሹ ገቡ። ባላምባራስ «ይህ ሕንፃ ታማኝነት በድንጋይና በሲሚንቶ የተገለጸበት...» እያሉ ሳለ፣ የእንግዳው ኮት ጀርባው በላብ ጠቆረ። ንግግሩ ሳያልቅ ተነሥተው ወጡ፤ የሳፊያን በረንዳ አዩ፤ ሄደው ተቀመጡ። እርሷም የሎሚ ውሃ አቀረበችላቸው።

«ይህን የመሰለ ነፋስ ከየት አመጣሽው?»

«አላህ የሰጠን ነው ጌታዬ። ምን ዋጋ አለው፣ ቤቱን ሊያፈርሱብኝ ነው!»

«ማን አባቱ ነው የሚያፈርሰው? እንዳይፈርስ!»

ሳፊያ እልል አለች፤ ጎረቤቶቿም ተቀበሏት። እኔም ተደሰትሁ፤ ለካ ኮሚቴ ምን እንደ ሆነ ገና አላወቅሁም ነበር።

በማግስቱ ዘበኞች ዕቃዋን ወደ ውጭ ያወጡ ጀመር።

«ባላምባራስ! አይፈርስም ተብሎ የለም እንዴ?»

«ማን ይፈርሳል አለ? አንዲት ሚስማር አትነቀልም።»

«ታዲያ እኔን ለምን ታስወጡኛላችሁ?»

«እሜቴ፣ ክቡርነታቸው ባረፉበት ላይ ሽንኩርት ይቸረቸራል? አንቺስ ብትሆኚ እዚህ መተኛት አያሳፍርሽም?»

«ወላሂ አያሳፍረኝም! ቤቴ ነው እኮ!»

«ነበር።»

በረንዳይቱ በኮሚቴው ውሳኔ «የቤተ መንግሥቱ የክብር ሰገነት» ተሰኘች። ክብሯ እንዳይደፈርም ሰብሳቢው ራሳቸው ከምሳ በኋላ አልጋ አስዘርግተው ይጠብቋት ነበር፤ የጥበቃው ድምፅ እስከ መንገድ ይሰማል። ሳፊያ ልጆቿን ይዛ ከአሰብ በስተ ደቡብ ወዳለችው ወደ ራሔይታ መንደር ሄደች ሲሉ ሰማሁ።

ነገሩ የቆየ ነውና ቀኑን ወይም ስሙን አሳስቼ እንደ ሆነ፣ የምታውቁ አርሙኝ። ሳፊያ ቤቷን መልሳ አግኝታ እንደ ሆነ ግን፣ እባካችሁ፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ እሱን አርሙልኝ።