አርባ ስምንት ሺኛው ተከላካይ

(ጆሃንስበርግ፣ ዱርንፎንቴን ሰፈር፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ። ደመላሽና አምላኩ አብረው የሚሠሩባት ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ በአገሩ አጠራር ስፓዛ። ደመላሽ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነው፤ ባያውቅም አይጨንቀው። አምላኩ ጀርባው ላይ «ቫርኮኒ» የሚል የሃንጋሪ ተጫዋች ስም ያለበት የሰልባጅ ማሊያ ለብሶ ዳቦ ይደረድራል።)

ደመላሽ፦ ስማ እንጂ! ይሄን ማሊያህ ላይ ያለውን ሰውዬ እናቱም ረስታዋለች!

አምላኩ፦ ጎበዝ ተከላካይ ነበር።

ደመላሽ፦ ነበር! ጫማውን ከሰቀለ አሥራ አምስት ዓመቱ። ሰኞ ዕለት የኳስ ተጫዋቾች ድረ ገጽ ላይ የተወዳጅነት ደረጃውን አላሳየሁህም? ስንተኛ ነው?

አምላኩ፦ አርባ ስምንት ሺኛ። ብዙ አይደለም እንዴ?

ደመላሽ፦ እግዚኦ! በደረጃ ቁጥሩ ሲበዛ ሰውዬው ያንሳል! አርባ ስምንት ሺኛማ እኔም አላጣም!

አምላኩ፦ ቢሆንም ተወራርደናል። እስከ ዛሬ አንድ ደረጃ እንኳ ከፍ ካለ፣ ነገ ቶኮዛ ሰፈር ያለው የሐበሻ ሠርግ ላይ የምሄደው እኔ ነኝ።

ደመላሽ፦ ካላለ ደግሞ አንተ ሱቅ ትጠብቃለህ፣ እኔ ጥሬ ሥጋዬን እቆርጣለሁ።

አምላኩ፦ ደሜ፣ እኔ ለሥጋው አይደለም። ሰሎሜ የሙሽራዋ ሚዜ ናት። እሑድ ጠቅልላ ኬፕታውን ልትገባ ነው። ሳልነግራት ልትሄድብኝ ነው።

ደመላሽ፦ በስልክ ንገራት!

አምላኩ፦ በስልክ እኮ ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ አይታይም። እውነቴን መሆኑን በምን ታውቃለች?

(የደመላሽ ልብ ትንሽ ራራ። ጥሬ ሥጋው ትዝ ሲለው ግን ተመልሶ ደነደነ።)

ደመላሽ፦ አዝናለሁ ወንድሜ። በከንቱ ተስፋ እንዳታደርግ ብዬ እኮ ነው ሳምንቱን ሙሉ ገጹን ለሰው ሳሳይ የከረምኩት።

አምላኩ፦ ለማን ለማን?

ደመላሽ፦ ለደንበኛው ሁሉ! በዙሉ ሰላምታ «ሳውቦና ቡቲ፣ በራስህ ስልክ ክፈተውና ሳቅ!» እያልኩ። ለዛንድስፕሩት ሰፈር ልጆች በቴሌግራም ላክሁ፤ እነሱ ለቶኮዛ፣ ቶኮዛዎቹ ለደርባን። ደንበኛችን ጌዴዎን ብቻውን በቀን አሥሬ ይከፍተዋል፤ ሲከፋው የሚጽናናው በእሱ ነው አሉ። በዚህ አገር ያልሳቀበት ሐበሻ የለም!

አምላኩ፦ እግዜር ይስጥህ። በል አሁን እንየው።

(ደመላሽ እየሳቀ ስልኩን ከፈተ። ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።)

ደመላሽ፦ ስድስት... ስድስት መቶ አሥራ ሁለተኛ? በአምስት ቀን? ሰውዬው ሜዳ ተመለሰ እንዴ?

አምላኩ፦ ኧረ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጡረታውን ይበላል።

ደመላሽ፦ ታዲያ ምን ተገኘበት?

አምላኩ፦ ገጹን ወደ ታች ሳበው። በትንንሹ የተጻፈውን አንብብ።

ደመላሽ፦ (ዓይኑን አጥብቦ) «ደረጃው የሚወጣው... በሳምንቱ ውስጥ የተጫዋቹ ገጽ በተከፈተበት ጊዜ ብዛት ነው።» (ላቡን ጠረገ) አንተ! ይሄን መቼ አነበብከው?

አምላኩ፦ ሰኞ። ልንወራረድ ስንል።

ደመላሽ፦ እና ሳምንቱን ሙሉ እንደ ጅል ስሮጥ ዝም ብለህ ታየኛለህ?

አምላኩ፦ ምን ላድርግ ደሜ? ሰው ለወንድሙ ጉዳይ እንዲህ ያለ ዕረፍት ሲለፋ ተው ይባላል እንዴ?