ልክ ነዎት፣ ጋሽ ሳህሌ

ሐበሻ በተሰበሰበበት ከተማ ሁሉ ማንም ያልሾመው አንድ ዳኛ አይጠፋም። ፊሽካ የለው፣ ደመወዝ የለው፤ ይግባኝ ግን አይቀበልም። የኛው የኮሎምበሱ ክቡር ዳኛ ጋሽ ሳህሌ ይባላሉ። ሚነርቫ ፓርክ ካለችው ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንታቸው ሆነው በስልክ ያስችላሉ።

ሰሞኑን የያዙት መዝገብ ከባድ ነው። ቅዳሜ ዕለት የከተማችን የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ሲጫወት፣ ቁም ሳጥን የሚያህል የተቃራኒ ቡድን ተከላካይ ተንደርድሮ መጥቶ ኳርተርባካችንን፣ ያንን ኳስ ወርዋሪውን ልጅ፣ በጀርባው ዘረረው። ልጁ ሣሩን አራግፎ ተነሣ፤ ዳኛውም የጥፋት ምልክቱን ቢጫ ጨርቅ ሳይወረውር ጨዋታው ቀጠለ። ለሌላው ሰው ነገሩ እዚያው አለቀ። ጋሽ ሳህሌ ግን ፋይል ከፈቱ። ሲመታው ኳሱ ከእጁ ወጥቷል ወይስ አልወጣም? ሕጋዊ ነው ወይስ ጥፋት?

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ኮሪደር ላይ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው «እመነኝ፣ ሰውዬው የሠራው ሊጋል አይደለም! ቪዲዮው አለኝ!» እያሉ ይጮኻሉ። የጸሎት ቡድኑ መሪ ወንድም ዮአብ ያለ ሥራ ፈቃድ ስለሚሠራ ሰው የሚያወሩ መሰለው። እጁን ትከሻቸው ላይ ጭኖ፣ «ስሙን ብቻ ይንገሩኝ ጋሼ፤ በጸሎት ርዕስ ላስገባው» አላቸው። ያ ቁም ሳጥን ሳያውቀው የመኖሪያ ወረቀቱ እንዲወጣለት ሳምንቱን ሙሉ ተጸለየለት።

ሰኞ ዎርዝንግተን ካለው ቢሮዬ ወጥቼ ወደ ቤቴ ወደ ሬይኖልድስበርግ ስነዳ ደወሉልኝ። ጋሽ ሳህሌ ሰላምታ አያበዙም።

«ስሎው ሞሽኑን አይተኸዋል?»

«አይቻለሁ ጋሼ። ጥፋት ነው፤ ኳሱ ወጥቷል እኮ።»

«ጥፋት? አንተ ልጅ፣ ዓይንህን ቼክ አስደርግ! አንድ እርምጃ ይፈቀድለታል። ሰውዬው እየሮጠ እኮ ነው፤ አየር ላይ ፍሬን ይያዝ?»

ደጃፌ እስክደርስ ሕግ ጠቀሱልኝ። ማክሰኞም፣ ረቡዕም እንዲሁ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ «አንተ ልጅ» የሚለኝ የቀረ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

በሚቀጥለው እሑድ ከአምልኮ በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ ጉዳቸው ወጣ። መጋዘን የሚሠራው ደጀን፣ «ሕጋዊ ነው ብላቸው ጥፋት ነው ብለው የምሳ ሰዓቴን ጨረሱብኝ» አለ። አረጋውያን የምትንከባከበው ዓለምነሽ ዓይኗን አፈጠጠች። «እኔን ደግሞ ጥፋት ነው ብላቸው ‹ሕጋዊ ነው፣ ምን ታውቂያለሽ› አሉኝ!» ለካ ክቡር ዳኛ የተናገርከውን ሰምተው ነው ፍርዱን የሚገለብጡት።

«መላ አለው» አለ ደጀን። «‹ልክ ነዎት› በሏቸው። ያልቃል።»

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ፤ ያውም ከሁሉም አስበልጬ።

ሰኞ ሲደውሉ ገና የመኪናውን ቀበቶ እያሰርኩ ነበር። «ልክ ነዎት ጋሽ ሳህሌ» አልኳቸው።

«እ?»

«ሕጋዊ ነው። አሳምነውኛል።»

«እንግዲህ... ደህና አምሽ» አሉና ዘጉት። ሃይዌይ እንኳን አልገባሁም ነበር።

ማክሰኞ አልደወሉም። ረቡዕም አልደወሉም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ መኪናዬ ውስጥ ግን በሦስተኛው ቀን ነቀዘ። እውነቱን ልናገር፣ ቀኑን ሙሉ የማፈጥጠው ኮምፒዩተር ላይ ነው፤ ቤትም የሚጠብቀኝ ሰው የለም። በቀን አንድ ጊዜ የሚቆጣኝ ሰው እንደነበረኝ ያወቅሁት ሲቀርብኝ ነው። ጋሽ ሳህሌ ናፈቁኝ።

ሐሙስ ቤቴ ደጃፍ መኪናዬን አቁሜ ራሴ ደወልኩ። ስልኩ ገና ከመጥራቱ አነሡት።

«ደህና ነዎት ጋሼ?»

«ደህና ነኝ። አሸነፍኩ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን መርዶ የሚያረዳ ሰው ድምፅ ነው። «ሁሉም ልክ ነዎት አሉኝ። ደጀንም፣ ዓለምነሽም። ልጄ ናርዲ እንኳን ከቴክሳስ ‹ዩ አር ራይት፣ ዳድ› አለችና ዘጋችው።»

ሞተሩን አጠፋሁ።

«ማራኪ» አሉ ቀጥለው፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን ልክ ነህ ብላኝ አታውቅም።»

ማራኪ ባለቤታቸው ነበሩ። ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ቀብራቸው ላይ ቆሜአለሁ፣ ሳንድዊች በልቻለሁ፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብያለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያቺ ቤት እንዴት ጭር እንዳለች ግን አንድም ቀን አላሰብኩም። ደጀን የነገረን መላ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ አፈርኩ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «እኔ ሐሳቤን ቀይሬአለሁ። ተሳስተዋል። በጣም ነው የተሳሳቱት።»

ከወዲያ በኩል ወንበር ሲሳብ ተሰማኝ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ። «ካንተ ጋር በየትኛው ወገን ነበርኩ?»

«ሕጋዊ ነው ባይ ነበሩ» አልኳቸውና፣ ከመኪናው ሳልወርድ ወንበሬን ወደ ኋላ ለጠጥ አደረግሁት።