ከተማዋን ብቻውን የሠራት ጎረቤታችን

ብረት በሚቀልጥበት ከተማ ሁሉ፣ ከተማዋን ብቻውን የሠራት አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። ሌላው ሕዝብ ቆሞ ሲያይ ነበር።

ለእኛ ኮረብታ የደረሱት ክቡር ሚስተር ሕዝቅያስ ፕሮበርት ነበሩ። ከዌልስ መጥተው፣ ጉልበታቸውን በማቅለጫው ምድጃ ፊት ጨርሰው፣ አዲሶቹ ማሽኖች ቤት ያዋሏቸው ሰው ናቸው።

የወንዙን ድልድይ አብሯቸው የተሻገረ አለቀለት። መደገፊያውን በከዘራቸው ኳ ያደርጉና «ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ!» ይላሉ። የባቡር ሐዲዱም የእሳቸው፣ የፍርድ ቤቱ ጣሪያ የቆመበት ብረትም የእሳቸው ነው። ቀብር ላይ እንኳ ሳጥኑ ሲወርድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ምስማሩ የኛ ነው፤ አይዝግም» አሉኝ። ማጽናናታቸው መሆኑ ነው።

ጭሱን የሚያማባቸውንም አይወዱም። ያጠብኩት አንሶላ ገመድ ላይ ሲጠቁር ባማርር፣ «ልጄ፣ ማልቀስስ ጭሱ የቆመ ቀን ነው! ደግሞ ለሳንባ መድኃኒት ነው» ይሉኛል።

ሚስታቸው ኬዝያ ከውስጥ ትሰማለች። «አንተ ሰው፣ ከተማውን ሠርተህ ከጨረስክ የበራችንን ማጠፊያ አትሠራልኝም?»

«ለጥቃቅን ሥራ ጊዜ የለኝም!»

አሁን ታች ከተማ ሆኜ ሳስበው ያ ዘመን ይናፍቀኛል። የማቅለጫው ፉጨት ሲነፋ ከየደጁ ግር ብሎ የሚወጣው ወንድ፣ በየዓመቱ የሚበቅለው አዲስ ጭስ ማውጫ፣ በየአጥሩ ላይ የምንጨዋወተው ጨዋታ። የማይናፍቀኝ ውሃው ብቻ ነው። ቤቱ ሽቅብ እየተሠራ እኛ ጋ ሲደርስ ቧንቧው ታች ቀረ። ያን ሁሉ ደረጃ ወርደን፣ ከእጅ ፓምፕ ቀድተን፣ ተሸክመን እንወጣለን። ያን በጋ ልጄ ዊኒ ሆዷን ታማ ከስታለች፤ ሐኪሙ የነካችውን ጨርቅ ሁሉ አፍልተሽ እጠቢ ብሎኛል። በምን ውሃ?

ቧንቧው ወደ እኛ ይወጣ እንደሆነ የሚወስን መሐንዲስ ሊመጣ ነው ሲባል፣ ሚስተር ፕሮበርት አዋጅ አወጁ። «እኔ የሠራሁት ከተማ ቆሽሾ አይታይም!» እኛም እንግዳ ሲመጣ የደጃችንን ደረጃ በሳሙና ካልፈተግን እንቅልፍ የማይወስደን ሴቶች ነን። መጋረጃ አጠብን፣ ልጆች ፈተግን፣ መንደሩ አበራ።

መሐንዲሱ መጣ፤ ዞር ዞር ብሎ አየና ፈገግ አለ። «እንዲህ የጸዳ መንደር የትም አላየሁም። ውሃ የቸገራችሁ አትመስሉም፤ ቧንቧው ሌላ ሰፈር ቢሄድ ይሻላል።»

ክው አልን። እኔ የታመመችውን ዊኒን ታቅፌ ቆሜያለሁ። ኬዝያ ባሏን በክርኗ ጎሸም አደረገችና «ይኸው፣ ይሄንንም የሠራኸው አንተ ነህ!» አለች።

 ሚስተር ፕሮበርት ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰጧትና ሁለት ባልዲ አነሱ። መሐንዲሱን «ልጄ፣ እዚሁ ቁም» ብለውት ወረዱ።

ሲመለሱ መንደሩ ሁሉ ከላይ ሆኖ ያያል። ፍም የመሰለ ብረት በአንድ እጄ አገላብጥ ነበር የሚሉት ሰውዬ፣ ጥቂት ወጥተው ይቀመጣሉ፣ ያስላሉ፣ እንደገና ይነሳሉ። ላግዛቸው ብወርድ «ተይኝ! ይየኝ» አሉኝ። ከላይ ሲደርሱ ውሃው ተደፍቶ ባልዲዎቹ ጎድለዋል፤ ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ርሷል።

«ይሄን ሁሉ ያጸዱት ሴቶቹ ናቸው፤ ውሃ በትከሻቸው ተሸክመው» አሉ ትንፋሽ እያጠራቸው። «እኔ ግን እንዳየኸኝ ነኝ። አልችልም።»

ይህችን ቃል ከአፋቸው የሰማ ሰው አልነበረም። ኬዝያ ባርኔጣውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። መሐንዲሱ ደረጃውን ቁልቁል አየ፤ ከዚያ ዊኒን አየ፤ «ቧንቧው እስከ አናቱ ይወጣል» አለ።

ብርዱ ሳይገባ ቧንቧው ወጣ። የመጀመሪያው ውሃ ሲንፎለፎል እያጨበጨብን ሳለ እኔ ጮክ ብዬ፣ «ሚስተር ፕሮበርት፣ ይሄ እንኳ በእውነት የእርስዎ ሥራ ነው!» አልኳቸው።

ፊታቸው ቀላ። ሰው ሰምቶ እንደሆነ ግራ ቀኙን ገልመጥ አደረጉ።

«ዝም ብለሽ ባልዲሽን ሙዪ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ልጅቷ ትጠብቅሻለች።»