ጋሽ እንደሻውና የተዋጠችው «አል»

መጀመሪያ እጃቸውን በፎጣ ያደርቃሉ። ከዚያ መገናኛ ሬዲዮዋን ከቻርጀሯ ያነሳሉ፤ በአንቴናዋ ግን አይደለም። ሬዲዮን በአንቴናዋ የሚያነሳ ሰው እሳቸው ዘንድ ዶሮን በአንገቷ ከሚያንጠለጥል አይሻልም። ባትሪዋ መቆለፉን በአውራ ጣት ይፈትሻሉ። ከአፋቸው አራት ጣት ያርቋታል። ቁልፏን ይጫኑና ዝም ይላሉ። አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም። እንግዳ ሰው ቢያያቸው የሚናገሩት የጠፋባቸው ይመስለዋል። ከዚያ በኋላ ነው «ቦቴ፣ ጣቢያ ነኝ፣ ተቀበል» የሚሉት።

«ድገም» ባይ የሌለበት ከተማ በአገራችን ገና አልተቆረቆረም። የነገርከውን በደንብ ሰምቶ ሳለ እንደገና የሚያስነግርህ፣ ከዚያም ቃልህን አጣጥፎ መልሶ የሚያስረክብህ ሰው ማለቴ ነው። ለአሰላ የደረሳት እኛ እሳት አደጋ ጣቢያ ተቀምጧል፦ ክቡር የሞገዱ ባላባት፣ ሊቀ ሬዲዮ ጋሽ እንደሻው። ወላጆቻቸው ስሙን ያወጡት ልጃቸው እንደሻው እንዲኖር ብለው ይሆናል፤ እሳቸው ፊት ግን እንደሻው የሚናገር ሰው የለም።

ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ይላሉ። ባጃጁ ቢቆምም ሹፌሩ «ወራጅ አለ፣ ተቀብያለሁ» እስኪላቸው ድረስ አይወርዱም። ልጆቹ ለምደዋቸው ይደግሙላቸዋል፤ ያልለመደው ይዟቸው ይሄዳል። አንድ ጊዜ ከሲሬ ዘመድ ደውሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አክስትዎ አረፉ ቢላቸው፣ «ሞቱ ነው ወይስ ጋደም አሉ? ለይተህ ድገም» አሉት። ሰውየው እስከ ተዝካሩ አላናገራቸውም። ባለቤታቸው ወይዘሮ በቀለች ሽንኩርት እንዲገዙ ሲልኳቸው እንኳ «ሽንኩርት፣ ቀይ፣ ከጉሊት፣ ተቀብያለሁ» ብለው ነው ከበር የሚወጡት። ወይዘሮ በቀለችም ለጎረቤት «እኔን የዳሩኝ ለገደል ማሚቶ ነው» ይላሉ።

እኔ የቦቴው ፓምፕ ሠራተኛ ነኝ፤ የማውቀው ግፊትና ቱቦ ነው። ሆኖም የጋሼን ዋና ሕግ ላስረዳ። የሬዲዮ ቁልፍ ስትጫን መስመሩ እስኪከፈት ጥቂት ይዘገያል። ቸኩለህ ከተናገርክ የመጀመሪያዋ ፊደል ትዋጣለች። ታዲያ በአማርኛ መጀመሪያ ላይ የምትቆመው ማን ናት? «አል» ናት። «አልወጣም» ስትል «አል»ን ሬዲዮው ይውጣታል፤ «ም» ማስክህ ውስጥ ታፍና ትቀራለች፤ ለሰሚው የሚደርሰው «ወጣ» ነው። በኦሮምኛ ላምልጥ ብትልም መሸሻ የለህም። «ሂን ባኔ» ማለት አልወጣም ነው፤ «ሂን» ከተዋጠች የሚቀረው «ባኔ»፣ ወጣን ማለት ነው። ስለዚህ በጋሽ እንደሻው ግዛት ማንም «አልወጣም» አይልም። ሰው ወይ «ውስጥ ነው» ወይ «ውጭ ነው»።

እኛ ደግሞ ሥራ ስንፈታ መሳለቂያ አደረግነው። ምላሰኛው ሰላሁዲን ምሳ በልቶ እንደሆነ ሲጠየቅ ሆዱን መታ መታ አድርጎ «ምሳ ውስጥ ነው ጋሼ፣ ተቀበል» ይላል። ጋሼ አይስቁም። «ምሳ ውስጥ ነው፣ ተቀብያለሁ» ይላሉ።

ባለፈው መኸር በጠራራ ፀሐይ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተቃጠለ። ቫርኒሽና ሰጋቱራ፣ የቀረውን አስቡት። ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ ሁሉም ወጥተዋል ብሎ ማለልን። አምነነው ውሃ ስንጀምር አንድ ሠራተኛ ባልደረባውን ከሊፋን እንዳላየው ተናገረ። ሰላሁዲን ማስኩን አጥብቆ ገባ። ባልደረባችን ብሩክም ማስኩን አጥልቆ፣ ሬዲዮ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ብዙም ሳይቆይ ጣሪያው መጉበጥ ጀመረ። ቆርቆሮውን በመንጠቆ ጎትተን ካላወረድነው እሳቱ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። ሰው ውስጥ እያለ ካወረድነው ደግሞ የምናወርደው በሰው ላይ ነው።

አዛዣችን ሣህሌ ከጓሮ በሬዲዮ ጠየቀ፦ «ብሩክ፣ ሰላሁዲን ወጣ?»

ብሩክ ቁልፉን እንደተጫነ ወዲያው መለሰ። ሁላችንም የሰማነው «ወጣ» የሚል ነው። መንጠቆው ቆርቆሮው ላይ ተሰካ። ሰዎቹ ገመዱን ጨብጠው እግራቸውን አደላደሉ።

«ሁሉም ይቁም» አሉ ጋሽ እንደሻው ከጣቢያ። «ብሩክ፣ ድገም። ሰላሁዲን የት ነው?»

ሣህሌ ተበሳጨ። መልሱ ተሰምቷል፣ ጣሪያው እየጎበጠ ነው፣ እባክዎ ሞገዱን ይልቀቁልን አላቸው። ጋሼ አልለቀቁም። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዛሬስ አበዙት አልኩ በሆዴ።

«ብሩክ። የት ነው?»

ብሩክ አሁን ቁልፉን ተጭኖ አንድ ትንፋሽ ያህል ጠበቀ።

«ውስጥ ነው።»

ገመዱ ከሰዎቹ እጅ ወደቀ። ውሃውን በሙሉ ወደ በሩ አዞርን፤ ግፊቱን እስከሚችለው ጫንኩት። ጭሱ መሀል መጀመሪያ የታየን የሰላሁዲን ጀርባ ነው፤ ከሊፋን በብብቱ ይዞ ወደ ኋላ እየጎተተ ይመጣል። ሁለቱም ያስላሉ። ሳል እንደዚያ ቀን አምሮኝ አያውቅም። እነሱ ከራቁ በኋላ ጣሪያውን ጎተትነው፤ እሳቱ የጎረቤት አጥር ነካ እንጂ ቤት አልበላም።

ሰላሁዲን የብሩክን ሬዲዮ ተቀበለ። «ጣቢያ፣ ሰላሁዲን ነኝ። ውጭ ነኝ። ከሊፋ ውጭ ነው።»

«ድገም» አሉ ጋሼ።

ደገመ።

«ድገም።»

ድምፁ ጥርት ያለ ነበር፤ መስማታቸውን አውቃለሁ። ሰላሁዲንም ያውቃል። ቀልድ ይወረውራል ብዬ ስጠብቅ፣ ቁልፉን ተጭኖ ትንሽ ቆየና ቃል በቃል፣ ለሕፃን እንደሚነግር ቀስ ብሎ ደገመላቸው። ከጣቢያ በኩል «ተቀብያለሁ» የምትለዋ ለመምጣት ዘገየች። ስትመጣም ቀጥናለች።

ይህን ስለ እሳቸው መጻፌን ስነግራቸው አስነበቡኝ፤ እንደምትጠብቁትም ደግሜ አነበብኩ። «ባላባት» የምትለዋን ዝም ብለው አለፏት። ለእናንተ ግን አንድ አደራ ሰጥተውኛል፤ እንዳሉት ላድርስ፦

«ቤት ተቃጥሎ ስትደውሉልኝ ‹ሁሉም ወጥተዋል› አትበሉኝ። አጠገባችሁ ቆመው በዓይናችሁ የምታዩአቸውን በየስማቸው ጥሩልኝ። እኔም አንድ በአንድ እደግማቸዋለሁ። እስክጨርስ ስልኩን አትዝጉብኝ።»