የአያ ቸኮል ካርድ ስንት ይመዝናል?

ሰው ስለ ራሱ ክብደት ሲጨነቅ ብዙ አይቻለሁ። ስለ ሕመሙ ክብደት ሲጨነቅ ያየሁት ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።

እዚህ ጎንደር ካሉት ሐኪም ቤቶች በአንዱ፣ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። የትኛው እንደሆነ ተዉት፤ እንጀራዬ ነው። ሥራዬ በሽተኛው ቁጥሩን ሲሰጠኝ መደርደሪያ ለመደርደሪያ ገብቼ ካርዱን አውጥቼ ለሐኪሙ መላክ ነበር። ቀላል ይመስላል አይደል? አቧራውን ያልጠጣ ነው እንደዚያ የሚለው።

ታዲያ ካርድም እንደ ሰው ነው፤ ቀጭን አለው፣ ወፍራም አለው። አንዴ ጉንፋን ይዞት መጥቶ በዚያው የጠፋ ሰው ካርዱ ሁለት ቅጠል ናት። የከረመ በሽተኛ ካርድ ግን በየቀጠሮው ወረቀት ሲጨመርበት፣ የላቦራቶሪው ውጤት ሲወተፍበት፣ እያበጠ ይሄዳል። ከሁሉም የሚወፍረው የአያ ቸኮል ነበር።

አያ ቸኮል የድብ ባሕር ገበሬ ናቸው። ስማቸው ቸኮል ነው እንጂ ሲቸኩሉ ያያቸው የለም። ደም ግፊት አለባቸው። ጨጓራ አለባቸው። አንድ ጊዜ በሬ ወግቷቸው ጎድናቸው ተሰብሯል። የሃያ ዓመቱ ሁሉ ተጠራቅሞ ካርዳቸው በሁለት እጅ ነበር የሚነሣው። እሳቸውም ያውቁታል። ደረቴ ላይ አቅፌው ስወጣ ሲያዩ ፊታቸው ይፈካል። አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰው፣ «ያ የኔ ነው» ይሉታል። አንዳንዱ የራሱን ሁለት ቅጠል አስቦ፣ ተነሥቶ ወንበር ይለቅላቸዋል። የሕመም ሹመት አለ ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ አይቻለሁ።

አንድ ቀን የማዋለጃዋ ነርስ ሲስተር ዘውድነሽ፣ ጨዋታ የማይሰለቻት ሴት ናት፣ ካርዱን ከእጄ ነጥቃ የአራስ ልጅ ሚዛን ላይ አስቀመጠችው። ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ ግራም። ዞር አለችና፣ «እንኳን ማርያም ማረችዎት፣ አያ ቸኮል» አለቻቸው። ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ቁጥሯን ይዘዋት ድብ ባሕር ገቡ። ከዚያ ወዲያ ሰው «ጤናዎ እንዴት ነው?» ሲላቸው፣ «ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ ደርሷል» ይሉ ነበር አሉ።

ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። ወረቀቱ ሁሉ አንድ በአንድ ፎቶ እየተነሣ ገባ። ወራት ፈጀብን። መደርደሪያዎቹ ሲነሡ ለካ ክፍላችን መስኮት ኖሮታል።

አያ ቸኮል ለቀጠሮ መጡ። ቁጥራቸውን ሰጡኝ፤ ሁለት ሦስቴ ነካ ነካ አደረግሁና፣ «ጨርሻለሁ፣ ወደ ሐኪሙ ይግቡ» አልኳቸው።

«ካርዴስ?»

«ገብቷል።»

«የት?»

«እዚህ ውስጥ።»

ኮምፒውተሩን ከፊት አዩት፣ ከጎን አዩት። ከኋላቸው አፍንጫው የሚፈስ አንድ ጎረምሳ ተሰልፏል።

«የዚህስ ልጅ?»

«የሱም እዚያው ነው።»

«እኩል?»

እኩል ነው ማለት አቃተኝ። የኮምፒውተሩ ባለሙያ ሙሉቀን እዚያው ነበርና እሱን ጠራሁት። ባልጠራሁት ይሻል ነበር። አያ ቸኮል፣ ያ ሁሉ ወረቀት ሲገባበት ይህ ዕቃ በምን ያህል ከበደ ብለው ጠየቁት። ሙሉቀን፣ ምንም አልከበደም አላቸው። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ምናልባት ይታለፍ ነበር። ግን ሙሉቀን የተማረ ሰው ነው፤ የተማረ ሰው ደግሞ እውነትን በግማሽ ትቶ መሄድ አይሆንለትም። በትክክል ከተነገረስ፣ አለ፣ ነገር ሲጻፍበት ውስጡ ያሉት ደቃቃ ነገሮች ቦታ ስለሚለዋወጡ ጥቂት የክብደት ልዩነት ሊኖር ይችላል። ግን በጣም ትንሽ ስለሆነ የትኛውም ሚዛን አያገኘውም።

«ምን ያህል ትንሽ?» አሉ አያ ቸኮል።

«አንዲት ትንኝ ብታርፍበት የትንኟ በብዙ ይበልጣል።»

አያ ቸኮል ወደ ወረፋው ዞሩ። 

«የኔ ሃያ ዓመት ከትንኝ አነሰ?»

ሙሉቀን፣ የእርስዎ ብቻ ሳይሆን የሁሉም ሰው ተደምሮም ያንሳል ብሎ ሊያጽናናቸው ሞከረ። አያ ቸኮል ጋቢያቸውን አጣፉ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አሉና ወጡ። ሐኪሙ ዘንድ ሳይገቡ፣ መድኃኒታቸውን ሳይወስዱ።

በሚቀጥለው ወር ቀሩ። በሌላውም ቀሩ። ኮምፒውተሩ ከቀጠሮ የቀረን ሰው ስም በቀይ ነው የሚያሳየው። ጠዋት ጠዋት ስከፍተው ቸኮል የሚለው ቀልቶ ይጠብቀኛል። የደም ግፊት ኪኒን ያቋረጠ ሰው በቃሬዛ ሆኖ በክፍላችን በኩል ሲያልፍ አይቻለሁ። ለሲስተር ዘውድነሽ ብነግራት፣ ጥፋቱ የናንተ የካርድ ክፍሎች ነው አለችኝ። ማን መዝኚ አለሽ አልኳት። ሁለት ቀን ተኮራረፍን።

አሮጌዎቹ ወረቀቶች መጋዘን ውስጥ ተቆልለው የሚወገዱበትን ቀን ይጠብቃሉ። አለቃዬ ዘንድ ገብቼ የአያ ቸኮልን ስጡኝ አልኩ። ለምን እንደሆነ ሳስረዳቸው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። በመጨረሻ፣ ኮፒው ከገባ ባለቤቱ ፈርሞ ይውሰደው አሉ። ባለቤቱ ደግሞ አኩርፎ ድብ ባሕር ነው።

ቅዳሜ ካርዱን በፌስታል ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጭኔ ላይ ነው ያስቀመጥኩት፤ አምባ ጊዮርጊስ ሳንደርስ እግሬ ደነዘዘ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ምን እንደተሸከምኩ ጠየቁኝ። የሰው በሽታ ነው አልኳቸው። እስክንደርስ ድረስ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ሄዱ።

አያ ቸኮል ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ገመድ ሲገምዱ ደረስኩ። ሲያዩኝ ደነገጡ።

«ምነው ልጄ፣ ምን ተፈጠረ?»

«ካርድዎን ይዤልዎት መጣሁ።»

ተነሡ። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ከፍ አደረጉት፣ ዝቅ አደረጉት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ያዙት።

«ሸጋ» አሉ። «አልጎደለም።»

«ሰኞ ግን መምጣት አለብዎት። ሐኪሙ ይፈልግዎታል።»

«አንቺ እዚህ ድረስ መጥተሽ እኔ ጎንደር ልቅር?»

ሰኞ መጡ። ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ ተቆጣቸው፤ እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ሰሙና መድኃኒታቸውን ይዘው ሄዱ። ከቀዩም ወጡ።

እኔማ ኮራሁ። ሙሉቀንን ባገኘሁት ቁጥር እሰብከው ጀመር። ይኸውልህ፣ ሰው የደረሰበትን ነገር በእጁ ካልጨበጠው የደረሰበት አይመስለውም፤ ያንተ ሳጥን ይህን አያውቅም እለዋለሁ። ሙሉቀን ታጋሽ ልጅ ነው፤ ይሰማኛል።

ሦስት ወር አለፈ። አያ ቸኮል ለቀጠሯቸው በሰዓቱ መጡ፤ ፊታቸውም ወዝ አለው።

«ካርዱስ ደህና ነው?» አልኳቸው።

ግራና ቀኝ አዩና ወደ ካርድ መስጫዋ መስኮት ጠጋ አሉ።

«ፍየል በላችው።»

ክረምቱ እርጥበት አስገብቶበት ኖሮ ፀሐይ ይምታው ብለው ደጅ አሰጡት። ውኃ ልጠጣ ብለው ገባ አሉ። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ ይባል የለ? ከጎድናቸው ስብራት ጀምራ ደም ግፊታቸው ላይ ደርሳለች። የተረፈው ካርቶኑ ነው።

 ሙሉቀን ወዲያ ማዶ ተቀምጦ እየሰማ ነው፤ ቀና ብሎም አላየኝ። ያ ደግሞ ከመሳቅ የባሰ ነው። ቁጥራቸውን አስገባሁ። በሬው፣ ጨጓራው፣ የሃያ ዓመቱ ኪኒን፣ ሁሉም ተደርድሮ መጣ።

«አለ?» አሉኝ።

«አለ፣ አያ ቸኮል። አንድም አልጎደለም።»

«ተመስገን» አሉና ተነፈሱ።

«ፍየሏስ ምን ሆነች?»

«ምን ትሆናለች? ወፈረች እንጂ። ለእንቁጣጣሽ ልናርዳት አስበን ነበር። ኋላ ባለቤቴ፣ ይህን ሁሉ በሽታ የበላች ፍየል እኔ ቤት ድስት ውስጥ አትገባም አለችና ሸጥናት።»

«ለማን?»

«እኔ እንጃ» አሉ አያ ቸኮል ወደ ሐኪሙ ክፍል እያመሩ። «የጎንደር ሥጋ ቤት ነው የገዛት።»